የፊውዙ ቤት

ሹፌሩ ከታክሲው ነቅሎ ያመጣውን የተቃጠለ ሽቦ በኤሌክትሪሻኑ አንገት ላይ ጠምጥሞ ከሥራ ጠረጴዛው ጋር አጣበቀው። ፒንሳውም ብሎኑም መሬት ላይ ተበተነ። «ወንድሜን እኮ ታክሲው ውስጥ ከነሕይወቱ ነው ያነደድከው! ለሦስት የሙዚቃ አምፕሊፋየር ይሄን ክር የመሰለ ሽቦ ትዘረጋለህ? ወፍራም ሽቦ አልቆብህ ነው?»

ኤሌክትሪሻኑ መልስ ነበረው፤ የሚያወጣበት ትንፋሽ ግን አልነበረውም። ሽቦውን የመረጠው ለሁለት ነበር። ሦስተኛውን ማን እንደጨመረው አያውቅም። ቢጨመርስ? ሽቦው ሳይግል በፊት ፊውዙ ተቃጥሎ ኤሌክትሪኩን መቁረጥ ነበረበት። ከአፍንጫው ደም እየወረደ፣ ዓይኑ እየጨለመበት፣ የተንጠለጠለውን የሽቦ ጫፍ በዳበሳ ተከትሎ ከባትሪው በኩል የነበረውን የፊውዝ ቤት አገኘ። በጠረጴዛው ጠርዝ መታው። ተሰበረ።

ከውስጡ የወደቀው ፊውዝ አልነበረም። ጭንቅላቱ የተቆረጠ ሚስማር ነበር።

«ፊውዙ በየቀኑ እየተቃጠለ ሲያስቸግረኝ ጊዜ...» አለ ሹፌሩ፣ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው። እጁ ላላ። ኤሌክትሪሻኑ ግማሽ ትንፋሽ ሳበ፤ በቃ፣ ገባው፣ አሁን ይለቀኛል ብሎ ጠበቀ። ሹፌሩ በሩን ዞር ብሎ አየ። ማንም የለም። ሚስማሩን በጫማው ረግጦ ሸፈነና ሽቦውን አንድ ዙር ጨመረበት።