መጽሐፉን ያልሰማ ድራማውን አይይ

የመሐል ሜዳው ልብስ ሰፊ በኃይሉ በአንድ ነገር አይደራደርም፤ መጽሐፉን ያልሰማ ሰው ድራማውን ማየት የለበትም። «ያላነበበ» ሳይሆን «ያልሰማ» የሚለው፣ ክር በመርፌ ቀዳዳ ሲያስገባ ኖሮ ዓይኑ ስለደከመ ነው። ማንበብ ከተወ ቆይቷል።

ስለዚህ ቴሌቪዥኑ አንድ የታወቀ የድሮ ልቦለድ በተከታታይ ድራማ ሊያቀርብ ነው ሲባል፣ የስልኩን ሚሞሪ ይዞ ትረካውን ሊያስሞላ ወደ ሙነወር ሱቅ ሄደ። ልቦለዱ መንግሥት በየቤቱ ጆሮ ስለሚያኖርበት አንድ የምናብ አገር ነው። የቀበሌው ካድሬ መኳንንትም ፍላሽ ሊያስሞላ እዚያው ቆሞ ስለነበር፣ በኃይሉ የመጽሐፉን ስም በሙነወር ጆሮ ሹክ አለ። ሙነወር «መብራት ሳይሄድ፣ ቶሎ በሉ!» እያለ የሁሉንም ተቀብሎ ጠረጴዛው ላይ ከመረው።

ጥንቃቄው ያለ ምክንያት አልነበረም። በኃይሉ ባለፈው ምርጫ ማግሥት በምላሱ ጦስ ታስሮ ያውቃል። ሚስቱ ጌታነሽ ያን ጊዜ ስንቅ ያመላለሰችበትን ብርድ አልረሳችም።

«ሁለተኛ እስር ቤት ደጃፍ አልቆምም» አለችው። «ከታሰርክ ተርበህ ሙት።»

ትወደዋለች፤ የምትሳደበውም ለዚሁ ነው።

በኃይሉና ጎረቤቱ ቄስ ገብረየሱስ የስፌት ሱቁን በር ገርበብ አድርገው መስማት ጀመሩ። ተራኪው ወፍራም ድምፅ ያለው ሰው ነው። አምስት አምስት ቤት ይጠረነፋል ይላል። ከአምስቱ አንዱ መሪ ይሆናል። በየቤቱ የሚወራው ለመሪው፣ ከመሪው ደግሞ ወደ ላይ ይደርሳል። ያኮረፈ ይመዘገባል። ዝም ያለም ይመዘገባል፤ ለምን ዝም አለ?

ቄስ ገብረየሱስ አማተቡ። «ይኼ እኮ የእኛው ቀበሌ ነው! መቼ ነው የተጻፈው?»

«ከስልሳ ዓመት በፊት ነው አሉ።»

«ነቢይ ነው በለኛ!»

ምዕራፉ ሲያልቅ ጭብጨባ ተሰማ። በኃይሉ በጣም አደነቀ፤ የዛሬ ተራኪ አጃቢ ድምፅ ሁሉ ያስገባል። ቄሱ ግን አንድ ቅሬታ ነበራቸው።

«ሴት የለበትም። ዋናው ሰውዬም እስካሁን አልመጣም።»

«ትልቅ መጽሐፍ እንዲህ ነው አባ። ይዘገያል።»

በዚያው ሳምንት ጌታነሽ ለሁለት ቀን የቀበሌ ሥልጠና ተጠራች። ሌላ ጊዜ ስብሰባ ላይ ገና ከመክፈቻው እንቅልፍ ይጥላታል። የዚህን ጊዜ ግን ዓይኗ በለቅሶ ቀልቶ ተመለሰች።

«ምን አሏችሁ?» አላት በኃይሉ።

«ተወኝ እስቲ» ብላ ፊቷን ልትታጠብ ሄደች። መዋጮ ጨምረውባት ይሆናል ብሎ ገመተ።

ከዚያ በኋላ መኳንንት በሱቁ በር መመላለስ አበዛ። አንድ ጠዋት አንገቱን አስገባ።

«ጋሽ በኃይሉ፣ ምንድን ነው የሚሰሙት?»

«መዝሙር።»

ቄስ ገብረየሱስ ነገሩን ለማጠናከር «ሃሌ ሉያ» አሉ።

በማግሥቱ ደግሞ መጣ። «ያን ቀን ሙነወር ጋ ያስሞሉት ሚሞሪ አለ?» ፊቱ ገርጥቷል። የካድሬ ፊት ከገረጣ ሰው ሊያስር ነው ብሎ በኃይሉ ያምናል። ወዲያው ሚሞሪውን ከስልኩ አውጥቶ በኮቱ ኮሌታ ውስጥ ሰፋው። ፈርቷል። ስፌቱ ጠመመ፤ እንዲህ ያለ ስፌት ሰፍቶ አያውቅም።

እሑድ ከሰዓት ድራማው ጀመረ። ባልና ሚስቱ ከቄሱ ጋር ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጡ። በኃይሉ ገና ከጅምሩ ተናደደ። አንድ ወጣትና አንዲት ልጅ በድብቅ ይገናኛሉ።

«ይቺ ደግሞ ከየት መጣች? መጽሐፉ ውስጥ የለችም!»

«ጭብጨባውንም አውጥተውታል» አሉ ቄሱ።

ልጅቷ ዳቦ ውስጥ መልእክት ደብቃ ለወጣቱ ላከችለት። ጌታነሽ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች።

«ኧረ ሰው ፊት እንዳትቆርሰው!»

ቆረሰው። ተያዘ።

በኃይሉ ወደ ሚስቱ ዞረ። እሷ ትረካውን አንድ ቀን አብራቸው አልሰማችም። ሊጠይቃት አፉን ሲከፍት በሩ ተንኳኳ።

መኳንንት ነበር፤ ብቻውን። ገብቶ በሩን ከውስጥ ቀረቀረው።

«ሚሞሪው» አለ።

«ተርበህ ሙት» ያለችው ሴት ተነሥታ በሶ ትቋጥር ጀመር። እንባዋ ይወርዳል። ቄስ ገብረየሱስ አቡነ ዘበሰማያትን ጀምረው መሐሉ ጠፋባቸው። በኃይሉ ኮሌታውን በጥርሱ ተርትሮ ሚሞሪውን አስረከበ።

መኳንንት ሚሞሪውን በስልኩ ከፈተው። ወፍራሙ ድምፅ ሲሰማ በረጅሙ ተነፈሰ። ከዚያ ከኪሱ ፍላሽ አወጣና የበኃይሉ መዳፍ ላይ አስቀመጠ።

«የእርስዎ ልቦለድ ይኸው፤ ሙነወር አቀያይሮብን ነው፤ ለወረዳ ብቻ እንዳይነግሩብኝ፤ ሥልጠናው መስሎኝ አዳራሹ ውስጥ ለሠልጣኞቹ ከፍቼላቸው ወጣሁ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ሲሰሙ አንድም ሰው ጥያቄ አላነሳም።»