የእትዬ ሀፍሳ ጤና ከመቶ

«ገላዎን ለመታጠብና ልብስዎን ለመልበስስ ይቸገራሉ?» እላቸዋለሁ።

«አልሐምዱሊላህ» ይላሉ እትዬ ሀፍሳ። ስለ መራመድ ስጠይቃቸውም ያሉኝ ይህንኑ ነው።

ታብሌቱ ላይ ያለው መጠይቅ አልሐምዱሊላህ የሚል ምርጫ የለውም። ችግር የለብኝም፣ ጥቂት አለብኝ፣ መካከለኛ፣ ከባድ፣ ጭራሽ አልችልም፤ ከነዚህ አንዱን መንካት አለብኝ። «ችግር የለብኝም» የሚለውን እነካለሁ። በውርጌሳና በግራና ከተሞችም ያደረግሁት እንዲሁ ነው። ባሕር ማዶ ያሉት መምህሬ ውጤቱን አይተው፣ ጦርነቱ ሰዎቹን ጤነኛ አደረጋቸው እንዴ ብለው ጻፉልኝ። የቀለዱ መስሎኝ ነበር፤ አልቀለዱም።

የተቀመጥነው መርሳ ዳር፣ ከፓፓያ ማሳቸው ጥግ ነው። ወደ ወልድያ የሚወጡት የጭነት መኪኖች ሲያልፉ ቅጠሉ ሁሉ ይንቀጠቀጣል። በጦርነቱ ጊዜ ከባድ መሣሪያ ወድቆ የቤታቸው ግድግዳ ቀኝ ትከሻቸው ላይ ተደረመሰ። ይህን የነገሩኝ እሳቸው አይደሉም፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት። እሳቸው የነገሩኝ ፓፓያውን ከጦርነቱ በኋላ እንደተከሉት፣ ዘንድሮም ከሠፈሩ ቀድሞ እንዳፈራ ነው።

ወልድያ የአጥንት ሐኪሞች ሊመጡ ነው። ወደነሱ የሚላከው በዚህ መጠይቅ ከባድ ችግር አለብኝ ያለ ወይም ጤናውን ከግማሽ በታች ያደረገ ሰው ብቻ ነው። ይህን ለተጠያቂው አስቀድሞ መንገር ክልክል ነው፤ መልስ ያጣምማል ይባላል።

ተጠያቂው ብቻውን ይሁን የሚል ሕግም አለ። ስለዚህ ጎረቤታቸውን ሳሚራን ከአጥሩ ወዲያ እንድትሄድልን ለምኛታለሁ። ሄዳለች፤ ጆሮዋን ግን እዚሁ ትታ ነው የሄደችው።

ስለ ዕለት ሥራቸው እጠይቃለሁ። አልሐምዱሊላህ።

«ጸጉሯን ማን እንደሚጎነጉንላት ጠይቂያት» ትላለች ሳሚራ ከአጥሩ ማዶ። «ውኃውንም ማን እንደሚቀዳላት።»

«አንቺስ ስትሰግጂ ከሱጁድ ለመነሳት እኔን አይደለም የምትጠሪው?» ይመልሳሉ እትዬ ሀፍሳ፣ ፊታቸውን እንኳ ሳያዞሩ። «ሰው መጣ ብዬ አወራሁብሽ?»

ሳሚራ ትስቃለች። እኔ መሳቅ ያቅተኛል። የጎረቤት ቃል አይመዘገብም። የሰማሁትን ሰምቼ «ችግር የለብኝም» የሚለውን እነካለሁ።

ስለ ሕመም ስጠይቃቸው መልሰው የማን ልጅ እንደሆንሁ ይጠይቁኛል። ወልድያ ጨርቅ ይሸጥ የነበረው የፀጋይ ልጅ ነኝ፣ ሰገን እባላለሁ እላቸዋለሁ። አባቴን ያውቁታል። የኒካሃቸውን ልብስ የገዙት ከሱ ሱቅ ነው፤ ጨርቅ ሲለካ ክንዱ ላይ አያጎድልም ነበር ይሉኛል። ደስ ይለኛል። የሱ መለኪያ ልክ ነበር። ይዤው የመጣሁትን የእኔን እንጃ።

«የፀጋይ ልጅ ከሆንሽ ንገሪኝ» ይላሉ። «ያመኛል ብል ማንን ልከስ ነው? ግድግዳ ሲወድቅብኝ ያተረፈኝን አላህን?»

 ለዚህ መልስ የሚሰጥ መጽሐፍ አላነበብሁም።

የቀረው የመጨረሻው ጥያቄ ነው። ከቦርሳዬ የተጠቀለለ ወረቀት አወጣለሁ፤ ጠባብና ረጅም፣ እንደ ሙቀት መለኪያ የተሰመረ፣ ከታች ዜሮ፣ ከላይ መቶ። ከራሴ በላይ ከፍ አድርጌ ስይዘው ግርጌው ወገቤ ድረስ ይወርዳል። መቶ ሊያስቡት የሚችሉት ምርጥ ጤና ነው፣ ዜሮ ከሁሉ የከፋው፤ ዛሬ የት እንዳሉ በጣትዎ ያሳዩኝ እላቸዋለሁ።

ይነሳሉ። ወዴት እንደሚያመለክቱ ዓይናቸው ይነግረኛል፤ የሚያዩት ከላይ መቶውን ነው።

ቀኝ ትከሻቸው ትዝ ብሎኝ «በግራዎ ያሳዩኝ» እላለሁ።

ፊታቸው ይጠቁራል። «የአላህን ስጦታ በግራ እጅ?»

ቀኝ እጃቸው ከሻርፓቸው ሥር ትወጣለች። ከወረቀቱ ግርጌ ተነስታ ቀስ እያለች ትወጣለች። ሃያን ታልፋለች። ሠላሳን ታልፋለች። አርባ ላይ ስትደርስ ትከሻቸው አልሄድ ይላል። ይገፉታል። ከንፈራቸው ይገረጣል፣ ግንባራቸው ያልበዋል፣ ጣታቸው ይንቀጠቀጣል፤ ዓይናቸው ግን አሁንም መቶው ላይ ነው።

ወረቀቱን ዝቅ ላደርግላቸው እችላለሁ። ጉልበቴን ባጥፍ መቶው ራሱ ወደ ጣታቸው ይመጣል። ሳላስበው እጆቼ መውረድ ይጀምራሉ።

«አታውርጂው» ይላሉ።

መልሼ ከፍ አደርገዋለሁ። 

እትዬ ሀፍሳ ዓይናቸውን ከመቶው አውርደው ጣታቸው ያረፈበትን ያዩታል። ደኅና አድርገው ያዩታል፤ በገዛ ማሳው ድንበር ላይ እንደቆመ ሰው።

«ስንት ይላል እዚህ?»

«አርባ።»

«ከመቶ?»

«ከመቶ።»

«ለአርባው አልሐምዱሊላህ» ይላሉ። «ስልሳውን ሐኪም ካላችሁ ይፈልገው።»

እጃቸውን አያወርዱም። መንቀጥቀጡ ቆሟል። ከራሴ በላይ የያዝሁትን የወረቀቱን ጫፍ ነፋስ ያወዛውዘዋል፤ የእሳቸው ጣት በወረቀቱ በኩል ደረቴ ላይ ጸንቶ ይሰማኛል።