ደረቱን የሚያመው ሰዓት

ከእግሩ ደም ሥር ወስደው ልቡ ላይ ከቀጠሉለት ገና አምስት ወሩ ነው፤ ደረቱ ግን መልሶ ያዘው። ከምላሱ ሥር የሚያስቀምጠው ኪኒን አላስታገሰውም። መድኃኒቱ ሁለት ጊዜ ተቀየረለት፤ ያው ነው። ዛሬ ደግሞ በክንዱ ቀጭን ቱቦ አስገብተው የልቡን ደም ሥሮች አዩለት።

ወጣቷ ሐኪም ሚስቱን ኮሪደር ላይ አገኘቻት።

«የተቀጠሉት ደም ሥሮች ደህና ናቸው። ሕመሙ ከየት እንደሚመጣ ግራ ገብቶኛል።»

ሚስትየው እጇን ጭምቅ አድርጋ ያዘቻት። «የኔ እናት፣ ከአፍሽ እንዳይወጣ። ልጃችን ናሁሰናይ መኪና ተገልብጦበት ከሞተ ሁለት ወሩ። የአባቱ ልብ አይችለውም ብለን አላረዳነውም። ኔትወርክ የሌለበት አገር ሄዷል እያልን ነው። እኔም ጥቁሬን ለብሼ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ፣ ጎረቤት ገብቼ ቀይሬ ነው ቤቴ የምገባው። ምን ላድርግ? መርዶውን ቢሰማ በቃ፣ ይሞትብኛል!»

ሐኪሟ ብቻዋን ወደ ክፍሉ ገባች። ሰውየው ትራስ ተደግፎ፣ መዳፉን ደረቱ ላይ ካለው ጠባሳ አሳርፏል።

«አባባ፣ ሕመሙ መቼ ነው የሚጀምርዎት? ደረጃ ሲወጡ ነው?»

«የለም።» በሩ መዘጋቱን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከሰዓት በኋላ ነው። የመኝታ ቤቴ መስኮት የጎረቤትን ግቢ ያሳያል። ሚስቴ እዚያ ቆማ ጥቁር ሻሿን ትፈታለች፤ ፊቷን ትታጠባለች፤ ከዚያ ወደ እኔ ከመምጣቷ በፊት ፈገግታ ትለማመዳለች። ያኔ ነው የሚጀምረኝ።»

ሐኪሟ መጻፏን አቆመች።

«አደራ ልጄ፣ ማወቄን እንዳትነግሪያት» አላት። «ልቧ አይችለውም።»