ማጥፊያ የሌለው መብራት

ፍኖተ ሰላም ውስጥ መብራት የፈለገ ሰው ታከለ ሱቅ ይሄዳል። አምፖል በሉት፣ ባውዛ በሉት፣ ለገና ደጅ ላይ የሚንጠለጠለው ብልጭልጭ በሉት፣ ሁሉም እሱ ዘንድ አለ። የሚገርመው የራሱ ነገር ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሱቁን ይዘጋል፤ ቤቱ ደጃፍ ላይ አንዲት አምፖል እንኳ የለችም። ጎረቤት «መብራት ሻጩ የጨለማ ወዳጅ!» እያለ ይቀልድበታል። እሱም «ቀኑን ሙሉ መብራት ሳይ ውዬ ዓይኔ ይደክማል» ብሎ ይስቃል። ቆጣቢ ሰው ነው አሉ።

ለገና ሦስት ቀን ሲቀር እማማ አስካለ ማርያም ወደ ሱቁ ገቡ። የመጡት ከሽንዲ ገጠር፣ ከታከለ የትውልድ ቀበሌ ነው። ባላቸው አቶ ያረጋል በጥይት ከተገደሉ ሰባት ዓመት ሆኗል፤ እሳቸው ግን ጥቁራቸውን አልጣሉም። ገዳዩን በዓይኑ ያየ የለም። አገሩ ሁሉ «ይርሳው ነው» ይላል። ይርሳው ታስሮ ነበር፤ ማስረጃ ጠፍቶ ተፈታ።

«እንደምን ሰነበቱ እማማ? ምን ልታዘዝ?» አለ ታከለ ብድግ ብሎ።

«የደጅ መብራት ነው የምሻ። ለአንድ ቤተሰብ የገና ስጦታ። ዝናብ የማያበላሸው፣ በረዶ የማይሰብረው።»

አንዱን ዘረጋላቸው። በሁለት ጣታቸው ሳብ ቢያደርጉት ሽቦው ብጥስ አለ።

«ኧረ ይኼስ ለአንድ ቀን ሠርግም አይበቃ!»

«እማማ፣ መብራት አዋቂ ሆነዋል እኮ!»

«ምን ላድርግ ልጄ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ሲመሽ የሰው ደጅ ሳይ ነው የኖርሁ።»

ታከለ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይርሳውስ እንዴት ነው?»

«ደልቶታል! ሲመሽ ሶላሩን ደጁ ላይ ያንጠለጥልና እራቱን እዚያው ይበላል። ሳቁ ወንዝ ይሻገራል።»

ታከለ ራሱን ነቀነቀ። አገር የሚያውቀው ነገር ነው፤ ደም ያለበት ሰው ማታ ደጁን አያበራም። በጨለማ ይገባል፣ መስኮቱን ዘግቶ ይበላል፤ ባለደሙ ከየት እንደሚያነጣጥርበት አያውቅማ።

«ድፍረቱ!» አለ። «እናንተን ንቆ እኮ ነው።»

«እንግዲህ እንደዚያ ይሆናላ።»

«ናሁሰናይስ ደኅና ነው?»

«ልጄማ ከሥራው ፈቃድ ወስዶ መጥቷል። አባቱ ከሞተ ወዲህ ጸጉሩን አልተላጨም። ዘንድሮ ‹ገናን ተላጭቼ ነው የምውለው› ብሎኛል።»

ታከለ ነገሩ ገባው፤ ጸጉር ያሳደገ ልጅ የሚላጨው የአባቱን ደም ሲመልስ ነው። ልቡ ቅቤ ጠጣ። ይርሳው ሞተ ማለት የሰባት ዓመቱ ነገር አብሮት ተቀበረ ማለት ነው። ወዲያው መሰላል አቁሞ ከላይኛው መደርደሪያ ከባድ ካርቶን አወረደ።

«እንግዲያማ የሶላር ጭላንጭል አይበቃም፤ ይኼን ነው መውሰድ። ማጥፊያ ብሎ ነገር የለውም፤ ሲመሽ ራሱ ይበራል። መብራት ቢሄድም በባትሪው ሲበራ ያድራል።»

«ሰውዬው ደንግጦ ልንቀለው ቢልሳ?»

«ወፍራም ጎማ ነው፣ አይበጠስም። በየክንዱ በብሎን ያሳስሩት። ባትሪውን ጣራ ላይ ያስወጡት፣ እጅ እንዳይደርስበት።»

«አንተ ብትሆን የት የት ታደርገዋለህ?»

«ከበሩ በላይ፣ በየመስኮቱ ዙሪያ፣ ከዚያ እስከ አጥሩ በር። የሚገባው ሰው ፊቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል!»

እማማ አስካለ ማርያም የነገራቸውን በጣታቸው እየቆጠሩ ያዙ።

«ግን እሺ ብለው ያሰቅላሉ?» አለ ታከለ።

«ባልየው አይልም። ሚስቱ ግን የዋህ ናት አሉ፤ የገና ስጦታ አትመልስም። እሱ ሳይኖር ሠራተኛ ይዤ እሄዳለሁ።»

ታከለ ሳቁ አመለጠው። መቀነታቸውን ሲፈቱ እጃቸውን ያዘ። «በፍጹም! አቶ ያረጋል ለእኔም አባቴ ነበሩ። የእኔም ድርሻ ይሁንበት።»

አሮጊቷ ዓይን ዓይኑን አዩት። «የሥራህን ይስጥህ ልጄ» ብለው ካርቶኑን ታቅፈው ወጡ።

በገና ዋዜማ ገበያው ደራ። ታከለ ከስንት ዘመን በኋላ ዛሬ አመሸ። ጀንበር ስትጠልቅ ሱቁን ቆልፎ እየተጣደፈ ወደ ቤቱ ገሰገሰ። ሐሳቡ ሽንዲ ነበር። የይርሳው ወሬ ለነገው ዶሮ ወጥ ይደርሳል እያለ ብቻውን ፈገግ አለ።

የአጥሩን በር ከፍቶ ሲገባ ሚስቱ እናኑ ከበረንዳው እየሮጠች ወረደች።

«ታኬ፣ ቀና ብለህ እየው እስቲ! ጥቁር የለበሱ ያገርህ እናት ናቸው ያሰቀሉልን!»

ሰባት ዓመት ሲመሽ ጨልሞ የኖረው የታከለ ቤት ከጣራው እስከ አጥሩ በር ቦግ አለ፤ ከመንገዱ ማዶም ጸጉሩ ትከሻው ላይ የወረደ ጎልማሳ ከተቀመጠበት ተነሳ።