ጌታነሽ አንደኛ የወጣች ዕለት

«እርስዎ ነዎት የወለዷት?» አሉ የውድድሩ ሰብሳቢ አቶ ማዕረግ።

የጌታነሽን እናት ለተሥላሴን ጥያቄው ግራ አጋባት። ወደ ዳኞቹ ድንኳን የተጠራችው ልጇ ሜዳሊያ ስትሸለም በቅርብ እንድታይ መስሏት ነበር። ገና አሁን፣ ዓይኗ እያየ፣ ጌታነሽ የሴቶቹን አምስት ሺህ ሜትር ሌሎቹን ከኋላዋ ጥላ ጨርሳለች።

«እኔ ነኝ እንጂ! ማን ሊወልድልኝ ኖሯል?»

«አይቀየሙ እናቴ። ቅሬታ ቀርቦልን ነው።» አቶ ማዕረግ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጅቷ ወንድ ናት ተብሏል።»

ለተሥላሴ ሳቀች። ከገጠር መንደሯ ከቀየት ጎሕ ሲቀድ ተሳፍራ መሐል ሜዳ ከተማ የመጣችው ልጇ ስትሮጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ለማየት ነው፤ ከተሜው እንዲህ ይቀልዳል ማለት ነው ብላ አሰበች። አብሯት የሳቀ ግን አልነበረም።

«ድምፅዋን ስሙት፤ ትከሻዋን እዩት» አለ በኃይሉ፣ ሁለተኛ የወጣችው ልጅ አሰልጣኝ፣ እጁን አጣምሮ። «ሴት እንዲህ አትሮጥም።»

ጌታነሽ ሁሉን እየሰማች አጠገባቸው ቆማለች። ሃያ አንድ ዓመቷ ነው። ላቧ በነፋሱ እየደረቀ አንገቷ ላይ ጨው ሠርቷል። ወፍራሙን ድምፅ ከአባቷ ነው የወረሰችው፤ ቀየት ላይ ይኼ ማንንም ገርሞት አያውቅም።

«ስሙኝማ» አለች ለተሥላሴ። «ይቺ ልጅ ክርስትና የተነሣችው በሰማንያ ቀኗ ነው። ወንድ ብትሆን በአርባ ቀኗ አልነበር? ቄሱን ጠይቁ! አዋላጇ አማከለች በሕይወት አለች፣ እሷን ጠይቁ!»

አንዱ ዳኛ ፈገግታውን ለመደበቅ ፊቱን አዞረ። «እሱ ለእኛ ማስረጃ አይሆንም» አሉ አቶ ማዕረግ፣ ለስለስ ብለው። «ለጉዳተኛ የመጣች ነርስ አለች። እዚያች የመምህራን ክፍል ገብታ አንድ አፍታ ታያታለች። ልጅዎ እምቢ ካለች ውጤቷ ይሰረዛል፤ ለዞኑ ውድድር ደብረ ብርሃን የምትሄደውም ሁለተኛዋ ትሆናለች።»

«ወንዶቹንስ?» አለች ጌታነሽ። «በወንዶቹ ያሸነፈውን ሽመክትን ማን አየው?»

«በእሱ ላይ ቅሬታ አልቀረበም።»

ለተሥላሴ የልጇን ክንድ ያዘች። «ነይ እንሂድ። ሜዳሊያው ይቅርብሽ። ገላሽን ለማንም አታሳዪም።»

ጌታነሽ ክንዷን ቀስ ብላ አስለቀቀች። «ዛሬ ትቼው ብሄድ እውነት ነው ይላሉ፣ እማ። ከዚያ በኋላ የትም አልሮጥም።» ወደ ክፍሏ አመራች። ነርሷ አንገቷን ደፍታ ተከተለቻት።

በሩ ተዘጋ። የክፍሏ መስኮት መስታወቱ ረግፏል፤ ወሬው ቀድሞ የደረሳቸው ጎረምሶች እየተገፋፉ ወደዚያ ሲመጡ ለተሥላሴ አየቻቸው። ሮጠች። ነጠላዋን ከራሷ ላይ ገፍፋ፣ ሁለቱን ጫፍ ይዛ መስኮቱ ላይ ዘረጋችውና በጀርባዋ ተደገፈችው። ነፋሱ ነጠላውን ይታገላታል፤ እሷም ትታገለዋለች።

«ሂዱ! እህት የላችሁም?»

ጎረምሶቹ ሸሸት ብለው ቆሙ፤ አልሄዱም። ከኋላዋ፣ ከክፍሉ ውስጥ፣ አንድም ድምፅ አይሰማም። ብታለቅስ ይሻል ነበር አለች በልቧ። በኃይሉ ከድንኳኑ ሥር ሆኖ መሬት መሬት ያያል።

ነርሷ ወጣች። ወደ አቶ ማዕረግ ሄዳ በጆሯቸው አንድ ነገር ነገረቻቸው፤ ከዚያ ቦርሳዋን አንሥታ ማንንም ሳታይ ራቅ ብላ ቆመች። አቶ ማዕረግ ፊታቸው በራ። የድምፅ ማጉያውን ራሳቸው ተቀበሉ።

«ውድ ተመልካቾቻችን! በሴቶች አምስት ሺህ ሜትር አንደኛ የወጣችው ጌታነሽ አዳነ፣ ሴት መሆኗ ተረጋግጧል!»

ሜዳው በጭብጨባ ተናጋ። ፉጨቱ፣ እልልታው ቀለጠ። ጎረምሶቹ ሳይቀሩ አጨበጨቡ።

ጌታነሽ በሩን ከፍታ ደፉ ላይ ቆመች። የቱታዋን ዚፕ እስከ አገጯ ድረስ ዘግታዋለች።

«ምን ሆነው ነው?» አለች።

«ለአንቺ ነው፣ ልጄ።»

«ቅድም አንደኛ ስገባም እንዲህ አጨበጨቡ?»

ቅድም፣ ጌታነሽ ገመዱን በደረቷ ስትበጥስ፣ ሕዝቡ እርስ በርሱ አንሾካሾከ እንጂ ያጨበጨበ አልነበረም። በዚያ ሁሉ ሜዳ የተሰማው የእሷ የብቻዋ እልልታ ነው።

«እኔ እልል ብያለሁ» አለች ለተሥላሴ።

«ሰምቼሻለሁ።»

የድምፅ ማጉያው ስሟን ደግሞ ጠራ። አቶ ማዕረግ ሜዳሊያውን በሪባኑ አንጠልጥለው ፈገግ ብለው ይጠብቃሉ። ከደፉ እስከ ድንኳኑ ያለው መንገድ የሰው ዓይን ብቻ ሆኗል። ጌታነሽ በአንድ እጇ መቃኑን፣ በሌላው የእናቷን ክንድ ጨብጣ ያዘች።

«እማ» አለች፣ ቀስ ብላ። «እግሬ አልሄድ አለኝ።»