አበልጁ ያጠናው መሬት

ጎረቤቶቹ የጨረራ ቆሻሻ መንደራችን ውስጥ ሊቀበር ነው ብለው ሲሸበሩ ደርበው ይስቅባቸው ነበር።

«ቦታውን የሚያጠናው መሐንዲስ አበልጄ አይደል? ሦስት ወር ቤቴ ከርሞ፣ ልጄን ክርስትና አንስቶ፣ መርዝ ሊቀብርብኝ?»

«እስቲ ከተማ ሲገባ ካወቀህ!» አለችው ሚስቱ።

ውሳኔው በሚሰጥበት ቀን ደርበው ለአበልጁ አንድ ቅል ማር ይዞ አዲስ አበባ ገባ፤ ከአዳራሹ የኋላ ወንበርም ተቀመጠ። መሐንዲሱ ከመድረኩ አይቶት በፈገግታ እጅ ነሳው። ደርበው ደረቱን ነፋ።

የተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ሰብሳቢ ጠየቁ፦ «ቆሻሻው በሚቀበርበት ቦታ ነዋሪ አለ?»

መሐንዲሱ ጥናቱን ገልጦ አነበበ።

«በአሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ዙሪያ ሰው አይኖርም። ቤት በመጥፋቱ እኛም ሦስቱን ወር ያደርነው ድንኳን ተክለን ነው።»