የእማማ ተሻለች ምርቃት

በደርግ ጊዜ አዳማ የሚበላው የቀበሌ ስንዴ ነበር፤ ማሳው ላይ አውሮፕላን የአረም መድኃኒት ሲያርከፈክፍበት የከረመ። እማማ ተሻለች «ከጠኔ መርዝ ይሻላል!» እያሉ ቂጣውን ይሰለቅጡት ነበር።

ያን ቀን መደብ ላይ የተኛውን ጨቅላ የልጅ ልጃቸውን ሊመርቁ ጎንበስ ብለው «እደግ፣ እንትፍ!» ቢሉ ምራቃቸው ስቶ ጉዝጓዙ ላይ አረፈ። እርጥቡ ሣር ዓይናቸው እያየ ቢጫ ሆነ።

ምራታቸው ጉዲቱ ዘነዘና አንሥታ የቀረ ጥርሳቸውን አረገፈችው።

«አንቺ ቡዳ! ልጄን ልትበዪው?»

«ቡዳስ እናትሽ! ከአንድ ሞሰብ አይደል እንዴ የምንበላው?» አሉ ደም እየተፉ። ደሙ የነካው ሣርም ጠወለገ።

ሕፃኑ ጮኸ። ጉዲቱ ብድግ አድርጋ አቀፈችውና አንዱን ጡቷን አጎረሰችው። ከሌላው ጡቷ ወተት ጠብ ጠብ አለ፤ የወደቀበት ሣር ሁሉ ጭርምት አለ።

ሕፃኑ ዓይኑን ጨፍኖ ይምጋል።